ሳይጠየቅ የማይናገር ዕቃ

ፍላሽ የሚባለውን ዕቃ የማያውቅ ተማሪ በዚህ ተማሪ ቤት ውስጥ ይገኛል ብዬ አልገምትም። አንዳንዱ ከቤት ቁልፉ ጋራ አሥሮ ይይዘዋል፤ አንዳንዱ በአንገቱ እንደ ማዕተብ ያንጠለጥለዋል፤ አንዳንዱም ከላጲስና ከመቅረጫ ጋራ በቦርሳው ጥግ ይጥለዋል። የቡድን ሥራችንን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዘን የምንሄደው በእርሱ ነው፤ ዘፈኑና መዝሙሩም ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዕቃ ከኮምፒዩተር ጎን በተሰካ ጊዜ በሁለቱ መካከል ምን ዓይነት ንግግር እንደሚደረግ ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔን ያስጠየቀኝ ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። እርሱን በቦታው እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሞ ግን ንግግሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የደረሰብን ነገር ምን እንደ ሆነ በሚገባ አይታያችሁምና።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም አንድ ቃል ላስቀድም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ የሚፈልግ 7 ወይም 8 ይቀንስ።

በኮምፒዩተር ክፍላችን ጥግ አንድ ያረጀ፣ የማይሠራ ኮምፒዩተር አለ። አስተማሪያችን አንድ ቀን ጀርባውን ወደ እኛ አዙረው አሳዩን። ለኪቦርድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክብ መሰኪያ፣ ለማውስ አረንጓዴ ክብ መሰኪያ፣ ለፕሪንተር ደግሞ 25 ትንንሽ ቀዳዶች ያሉት ሰፊ መሰኪያ አለው። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከዚህም በቀር በዚያ ዘመን አዲስ ዕቃ የሚሰካ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ዕቃውን ሰክቶ፣ እንደገና ማብራት ነበረበት። ይህን ጣጣ ለማስቀረት ኮምፓክ፣ ዲጂታል፣ አይ ቢ ኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤን ኢ ሲ እና ኖርተል የተባሉ 7 ኩባንያዎች ተስማምተው በ1996 ዩ ኤስ ቢ የተባለውን የጋራ ደንብ አወጡ። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው መሐንዲሶች አንዱ በኢንቴል ይሠራ የነበረው የሕንድ ተወላጅ አጄይ ባት ነው። የሦስቱም ፊደላት ትርጓሜ «ለሁሉ የሚሆን፣ ቢቶችን አንድ ባንድ አሰልፎ የሚያሳልፍ መንገድ» እንደ ማለት ነው። ቢት ማለት 0 ወይም 1 ነው፤ 8 ቢት ባንድነት አንድ ባይት ይባላል።

የመጀመሪያው ደንብ በሴኮንድ 1.5 ሚሊዮን ወይም 12 ሚሊዮን ቢት ያሳልፍ ነበር። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ወደ 480 ሚሊዮን፣ በ2008 የወጣው ሦስተኛው ወደ 5 ቢሊዮን አደረሰው። ፍላሽም ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በዚያው በ2000 ሲሆን፣ የያኔው 8 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ይኸውም ዛሬ ሁለት ዘፈን ቢገባበት ነው። እኔ የምተርክላችሁ በ2000ው ደንብ ስለሚደረገው ንግግር ነው፤ ብዙዎቹ ፍላሾቻችንና ማውሶቻችን እስከ ዛሬ በእርሱ ይነጋገራሉና።

የተበላሸ የማውስ ገመድ ብትቆርጡ ብዙውን ጊዜ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ታገኛላችሁ። ቀዩ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያመጣል፤ ጥቁሩ ይመልሳል፤ ነጩና አረንጓዴው የንግግር ናቸው። ሁለቱ የንግግር ሽቦዎች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ ተቀባዩም የእያንዳንዱን ከፍታ ሳይሆን የሁለቱን ልዩነት ያነባል። ብልኀቱ እንደ ሚዛን ነው። በሁለቱ ሳህኖች ላይ እኩል አቧራ ቢያርፍ ሚዛኑ እንደማያጋድል ሁሉ፣ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻም ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ስለሚነካ ልዩነቱን አይለውጠውም።

የፍላሹን አፍ ደግሞ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአራቱ ቢጫ ምላሶች በዳርና በዳር ያሉት ሁለቱ ከመካከለኞቹ ረዘም ይላሉ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ አስቀድሞ እንዲገባና ንግግሩ ኋላ እንዲከተል ነው። በአገራችን እንግዳን መጀመሪያ አብልተው ኋላ ወሬ እንደሚጠይቁት ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ያገኘው ዕቃ 1500 ኦም በሆነ ሬዚስተር አማካይነት ከሁለቱ የንግግር ሽቦዎች አንዱን ወደ 3.3 ቮልት ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ በር ማንኳኳት ነው። አረንጓዴውን ከፍ ካደረገ ፈጣን፣ ነጩን ከፍ ካደረገ ዝግተኛ መሆኑ ይታወቃል። ዕቃው በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው ነገር ከሞላ ጎደል ይህ ብቻ ነው። ካንኳኳ በኋላ ዝም ብሎ ይቆማል፤ እስኪጠየቅ ድረስ ቃል አይወጣውም።

ኮምፒዩተሩም ወዲያው አይከፍትለትም። መሰኪያው ተረጋግቶ እስኪቀመጥ ድረስ ቢያንስ የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ይታገሣል። ከዚያ ሁለቱንም ሽቦዎች ጥቂት ጊዜ ዝቅ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ይኸውም «የነበረህን ሁሉ ርሳ፤ እንደ አዲስ ጀምር» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የዕቃው ቁጥር 0 ነው። በዓመቱ አጋማሽ ወደ ክፍላችን የመጣውን አዲስ ተማሪ አስቡ። ስሙ በመዝገብ ስላልገባ በበሩ አጠገብ ይቆማል፤ አስተማሪው «አንተ ማን ነህ? ከየት መጣህ?» ይሉታል፤ መልሱን ሰምተው ቁጥር ይሰጡታል። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ቁጥር 0 የሆነውን «ማን ነህ?» ይለዋል። ዕቃው 18 ባይት ርዝመት ባለው መልስ ራሱን ያስታውቃል፤ በየትኛው ደንብ እንደሚናገር፣ የፋብሪካው ቁጥር ስንት እንደ ሆነ፣ የዕቃው ዓይነት ቁጥር ስንት እንደ ሆነ ይገልጻል። ኮምፒዩተሩም ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቁጥር ካልተጠራ በቀር አይመልስም። በአንድ መሥመር ላይ ከ127 የበለጠ ዕቃ ሊኖር የማይችለው ስለዚህ ነው። (የእኛንም ክፍል የሚገታ እንዲህ ያለ ደንብ በተገኘ ኖሮ በአንድ ወንበር አራት ባልተቀመጥን ነበር።)

ቀጥሎ ስለ ቀለቡና ስለ ሥራው ይጠየቃል። ቀለብ ያልሁት ኤሌክትሪኩን ነው፤ ከመፈቀዱ በፊት ከ100 ሚሊአምፔር በላይ መውሰድ አይገባውም፤ ሲፈቀድለት እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። ሥራውን ሲጠየቅ ደግሞ በቁጥር ይመልሳል። 3 ያለ እንደ ሆነ ኪቦርድ፣ ማውስና የመሳሰለው ነው፤ 7 ያለ ፕሪንተር ነው፤ 8 ያለ ማስቀመጫ ነው፤ ፍላሽ የሚመልሰው 8 ብሎ ነው። ኮምፒዩተሩም ቁጥሩን ሰምቶ ለዚያ ሥራ የተዘጋጀውን አስተርጓሚ፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ ይጠራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው እኛ «ገባ ወይስ አልገባም?» ብለን ሳንጨርስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩልኝ። ኮምፒዩተሩ «ማን ነህ?» ይላል እንጂ «ማን ይመሰክርልሃል?» አይልም። ዕቃው 8 ነኝ ካለ 8 ነው፤ 3 ነኝ ካለም 3 ነው። ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ከተናገረ ግን ይታመናል።

አሁን ማውሱን እንመልከት። ማውሱን ስናንቀሳቅስ «ተንቀሳቀስሁ!» ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚጮኽ ይመስለናል። አይጮኽም። ኮምፒዩተሩ ነው በየ8 ሺሕኛ ሴኮንዱ፣ ይኸውም በሴኮንድ 125 ጊዜ ያህል፣ «የምትለው አለህ?» እያለ የሚጠይቀው። (ቁጥሩ ከማውስ ማውስ ይለያያል፤ ፈጣኖቹ በሴኮንድ 1000 ጊዜ ይጠየቃሉ።) ማውሱ ካልተነካ «ገና ነኝ» ይላል፤ ከተነካ «ይህን ያህል ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል ወደ ታች» ብሎ ያስረዳል። ማንም በማይነካው ጊዜ እንኳ ጥያቄው ሊቀጥል ይችላል። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ በባዶ ክፍል ውስጥ በርቶ የቀረ ኮምፒዩተር ባየሁ ቁጥር ያ ሁሉ «አለህ?»ና ያ ሁሉ «ገና ነኝ» ይታሰበኛል።

ስለምን እንዲህ ተደረገ? መንገዱ አንድ ስለ ሆነ ነው። ሁሉ በየራሱ ጊዜ ቢናገር ቃላቱ በሽቦው ላይ ተጋጭተው ከማንም የማይሰማ ጩኸት ይሆናሉ። ከዚህም በቀር ማን መቼ ይናገር የሚለውን አሳብ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ስለሚሸከም በማውሱና በፍላሹ ውስጥ ያለው መሣሪያ ቀላልና ርካሽ ሊሆን ቻለ። እንደ እኔ አሳብ ዩ ኤስ ቢ ዓለምን የሞላው በፍጥነቱ ሳይሆን በዚህ ነው።

ንግግሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የድምፅ ማጉያ ወይም ካሜራ በተሰካ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ለእርሱ የተወሰነ ጊዜ ይመድብለታል፤ በመንገድ ላይ አንድ ቁራጭ ድምፅ ቢበላሽ ግን እንደገና አይላክም፤ ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ ለሰሚ አይጠቅምምና። የፋይል ነገር ከዚህ ተቃራኒ ነው። ፋይል የሚሄደው ከሌሎቹ በተረፈው ጊዜ ነው፤ ቢዘገይ አይጎዳም፤ ነገር ግን አንዲት ቢት እንኳ ልትሳሳት አይገባም። ይህን የሚጠብቁት ሁለት ብልኀቶች ናቸው።

ፋይሉ መጀመሪያ 512 ባይት በሆኑ ቁራጮች ይቆራረጣል። ላኪው በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ስሌት ሠርቶ 16 ቢት የሆነ የማመሳከሪያ ቁጥር በጅራቱ ይለጥፍበታል። ተቀባዩም በበኩሉ ያንኑ ስሌት ይሠራል፤ ውጤቱ ከተለጠፈው ጋራ ከተስማማ «ደርሶኛል» ይላል፤ ካልተስማማ ዝም ይላል። ላኪው መልስ ባጣ ጊዜ ያንኑ ቁራጭ ደግሞ ይልካል። ነገር ግን ቁራጩ ደኅና ደርሶ «ደርሶኛል» የሚለው ቃል በመንገድ ቢጠፋስ? ያን ጊዜ አንዱ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ሊጻፍ ነው። ሁለተኛው ብልኀት ይህን ይከለክላል። በአውድማ ላይ እህል በቁና ሲሰፈር ቆጣሪው ቁጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጠራው፣ ቁራጮቹም በተራ 0፣ 1፣ 0፣ 1 የሚል ምልክት ይዘው ይሄዳሉ። ተቀባዩ 1ን ሲጠብቅ 0 እንደገና ከመጣበት «ይህንስ ሰፍሬዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ በጣም ደስ አለኝ፤ አንድ ቢት ብቻ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል ብዬ አላሰብሁም ነበርና።

ፍላሽ ላይ ሲጻፍም ሆነ ሲነበብ ነገሩ ሦስት ደረጃ አለው። ኮምፒዩተሩ 31 ባይት የሆነ ትእዛዝ ይልካል፤ ቀጥሎ ፋይሉ ያልፋል፤ በመጨረሻ ፍላሹ 13 ባይት በሆነ ቃል «ፈጽሜያለሁ» ወይም «አልሆነልኝም» ይላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን «ስንት ትይዛለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። ፍላሹ የሚመልሰው ሁለት ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው ክፍሌ ቁጥር ይህ ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል ይህን ያህል ባይት ይይዛል፤ ይላል። ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ 512 ባይት ነው። ኮምፒዩተሩም የተባለውን ተቀብሎ በመስኮቱ ላይ ይጽፋል። ገብቶ አይለካም።

እነሆ በቤታችን ወደ ደረሰው ነገር መጣሁ። የእናቴ እናት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለ ገጠር ይኖሩ ነበር። ማንበብና መጻፍ ባያውቁም የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት፣ በአንዳንዱም በኩል ከዚያ አልፈው በቃላቸው ይዘውት ነበር። ማን ከማን እንደ ተጋባ፣ የትኛው መሬት በማን እጅ እንደ ነበረ፣ በየትኛው ክፉ ቀን ማን ማንን እንዳስጠለለ ይቆጥሩት ነበር። አጎቴ በሁለት ዓመት ፋሲካ እየሄደ በስልኩ ቀረጻቸው። 14 ቪዲዮ ሆነ፤ ባንድነት 41 ጊጋባይት ያህል። ስልኩ በሞላበት ጊዜ በላዩ 256 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ ከገበያ ገዛ፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ሁሉንም ገለበጠ፤ 14ቱም ስሞች ከነመጠናቸው በመስኮቱ ላይ ተሰልፈው አየ፤ ከዚያም ከስልኩ አጠፋቸው። እንዲህ ያደረገ ሰው ምን ጎደለው ይባላል? ጠበቀ፤ ቆጠረ፤ አየ።

አያቴ በኅዳር ወር ዐረፉ። በተዝካራቸው ዕለት ማታ ዘመድ ሁሉ ድምፃቸውን ሊሰማ ፈልጎ ፍላሹ በቴሌቪዥን ላይ ተሰካ። አያቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥጥ እየፈተሉ፣ እንዝርቱን በጉልበታቸው ላይ እያሾሩ ይናገራሉ። ሦስቱ ቪዲዮዎች ታዩ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ ሳቀም። አራተኛው አልከፈት አለ። አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም፣ እስከ 14ኛው ድረስ አንዱም አልከፈት አለ። አንዱ ቫይረስ ነው አለ፤ ሌላው ቴሌቪዥኑ ነው አለ። በማግሥቱ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። እዚያ ያለው ወጣት «ፎርማት ይደረግና ይሠራል» ቢል እናቴ ከእጁ ነጥቃ፣ «የእናቴ ድምፅ ያለበትን ልታጠፋው ነው?» አለችው፤ ወጥተን ሄድን።

ፍላሹን ለአስተማሪያችን አመጣሁላቸው። እርሳቸው መጀመሪያ የሚከፈቱትን ሦስቱን ቪዲዮዎች በሁለት ቦታ ገለበጡ። ከዚያም «ስንት ገዛችሁት?» አሉ። ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲህ ራስሽ ጠይቂው፤ እኔ ብነግርሽ አታምኚኝም» አሉኝ።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። እያንዳንዳቸው 1 ጊጋባይት የሆኑ፣ ቁጥር የተሰጣቸው ፋይሎች በፍላሹ ላይ ይጻፋሉ፤ ፍላሹ ይነቀልና እንደገና ይሰካል፤ የተጻፈውም መልሶ እየተነበበ ከመጀመሪያው ጋራ ይመሳከራል። ኤፍ 3 የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ሙሉውን 256 ለመሙላት ቀኑ ስለማይበቃ እስከ 20 ብቻ ጻፍሁ፤ ይኸውም ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሲነበብ ከ1 እስከ 7 ያሉት ደኅና ሆነው ተገኙ። 8ኛው ከመካከሉ ጀምሮ ተበላሽቷል። ከ9 እስከ 20 ያሉት ስም ብቻ ናቸው፤ በውስጣቸው የጻፍሁት ነገር የለም።

ፍላሹ 8 ጊጋባይት ነበር። በውስጡ ያለውን ትንሽ መቆጣጠሪያ ያዘጋጀው ሰው «ስንት ትይዛለህ?» ሲባል «500 ሚሊዮን ክፍሎች አሉኝ» ብሎ እንዲመልስ አስተምሮታል። እውነተኛዎቹ ክፍሎች ግን 15 ሚሊዮን ተኩል ያህል ናቸው። ከዚያ በላይ የመጣውን ሁሉ ፍላሹ ተቀብሎ የትም ሳያኖር «ፈጽሜያለሁ» ይላል። የ16 ቢቱ ማመሳከሪያስ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የአያቴ ቃል ሁሉ አንዲት ቢት ሳትጎድል በሽቦው ላይ አልፎ ፍላሹ ደጃፍ ደርሷል። መንገዱ ዘበኛ አለው፤ ጎተራው ግን የለውም። ሰፋሪው ቁናውን በትክክል ቆጥሮ አስረከበ፤ ተረካቢውም ጎተራው ከሞላ በኋላ በጓሮ በኩል ደፋው።

ስሞቹስ ስለምን ታዩ? የፋይሎቹ ስምና መጠን የሚጻፍበት ማውጫ የሚቀመጠው በፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ፣ በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ማውጫው 14 ምዕራፍ የሚቆጥር፣ ከአራተኛው ጀምሮ ግን ገጽ የሌለው መጽሐፍ በሉት። አጎቴ ያየው ማውጫውን ነበር። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በምንም ብልኀት አይመለስም፤ የስልኩም ቦታ ከዚያ ወዲህ በሌላ ነገር ተሞልቶ ነበር። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ለእኔ የዓመቱ ከባድ ፈተና ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ታዲያ እሺ ብሎ የተቀበለው ስለምንድር ነው?»

ዕቃው ስለ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ማንነቱም ሊዋሽ ይችላል። በ2014 ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ጀርመናውያን መርማሪዎች በላስ ቬጋስ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ የተራ ፍላሽ መቆጣጠሪያ እንደገና ተጽፎ «3 ነኝ» ሊል እንደሚችል አሳዩ። ኮምፒዩተሩ ኪቦርድ የተሰካበት ይመስለዋል፤ «ኪቦርዱ» የጻፈውንም ትእዛዝ ሁሉ በፊቱ የተቀመጠው ሰው እንደ ጻፈው አድርጎ ይፈጽማል። ይህ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ከምናውቀው፣ ፎልደሮቻችንን ወደ ሾርትከት ከሚለውጠው ቫይረስ የተለየ ነው። ያኛው በፋይሎች መካከል ስለሚቀመጥ በጸረ ቫይረስ ይፈለጋል፤ ይህኛው ግን በፍላሹ አንጎል ውስጥ ስለ ሆነ ፋይል የሚመረምር ፕሮግራም አያየውም። ሲ ለሚባለው አዲሱ መሰኪያ የዕቃውን ማንነት የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ደንብ ወጥቷል፤ ነገር ግን በግዴታ የሚፈጸም አይደለም። ስለዚህ በመንገድ የተገኘ ፍላሽ በተማሪ ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ አይሰካ የሚለውን ትእዛዝ አንዳንድ ጓደኞቼ እንደ ቁጣ ቢያዩትም ምክንያት ያለው ነው።

ወላጆችና ጓደኞቼ የሚጠይቁኝን ሁለት ነገር እግረ መንገዴን ልመልስ። 16 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ፍላሽ በመስኮቱ ላይ 14.9 ቢል ይህ ውሸት አይደለም፤ ፋብሪካው በሺሕ ሲቆጥር፣ ብዙው ኮምፒዩተር በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ሁለተኛው ስለ መንቀል ነው። ኮምፒዩተሩ አንዳንድ ጊዜ የሚጻፈውን በራሱ ዘንድ አቆይቶ ኋላ ስለሚያደርሰው ሳያስታውቁት መንቀል ፋይሉን ያጎድላል። ማይክሮሶፍት ከ2018ቱ የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ፍላሽን በተመለከተ ይህን ማቆየት በልማድ እንዲቀር አድርጓል፤ ቢሆንም እየተጻፈ ሳለ መንቀል ዛሬም ያው ጥፋት ያመጣል።

አጎቴ ፍላሹን ሊወረውረው ነበር፤ እኔ ለመንሁት። አሁን በኮምፒዩተር ክፍላችን ይገኛል፤ በላዩም ላይ ያለው «256» ተሰርዞ «8» ተጽፎበታል። አዲስ ፍላሽ የገዛ ተማሪ ሁሉ በዓርብ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ያስፈትናል። እስከ አሁን ከተፈተኑት 23 ውስጥ 4ቱ ሐሰተኛ ሆነው ተገኝተዋል።

በሦስተኛው ቪዲዮ መጨረሻ ላይ አያቴ ከእናቴ ጀምረው ወደ ላይ እየቆጠሩ አምስተኛው ቤት ይደርሳሉ። ከዚያ ክሩ ይበጠስባቸውና «ቆይ፣ ልቀጥለው» ይላሉ፤ ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል። ስድስተኛውና ሰባተኛው በአራተኛው ውስጥ ነበሩ። የአያቴ ታናሽ እኅት በዚያው መንደር አሉ፤ ዕድሜያቸው ቢገፋም ቃላቸው ንጹሕ ነው ይላል አጎቴ። በዚህ ክረምት አብረን እንሄዳለን። የምንወስደውን 16 ጊጋባይት ፍላሽ ሙሉውን ሞልቼ አንብቤዋለሁ፤ 14.9 ነው።